ሳይክል ይዞ ሆስፒታል መግባት፦ ከአስፋልቱ ጠርዝ እስከ ማሰሪያው ብረት

ለሳይክል ቦታ ባልተዘጋጀበት የአዲስ አበባ ሆስፒታል ሳይክል በብዛት የሚታሰረው በዊልቸር መወጣጫው መደገፊያ ላይ ነው። ለሕንፃው በር የቀረበ፣ በወገብ ልክ የሆነና በሲሚንቶ የተተከለ ብረት ሲፈለግ በግቢው የሚገኘው ብዙውን ጊዜ እሱ ብቻ ነው። መደገፊያው ላይ የቆመ ሳይክል ከነመሪው ግማሽ ሜትር ያህል ይይዛል። መወጣጫው 120 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው የሚተርፈው 70 ነው። ዊልቸር ራሱ ከ65 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ስለሚሰፋ ጎማውን የሚገፋው ሰው ጣቶቹን የሚያሳልፍበት አያገኝም። ቃሬዛማ ከነጭራሹ አያልፍም።

ከዚያ ጥበቃው ይቆጣል፤ አስተዳደሩ «ሳይክል ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ይለጥፋል። ሳይክሉ ውጭ አጥሩ ላይ ይታሰራል፤ በሳምንቱ የፊት ጎማው ይጠፋል፤ ነርሷም ወደ ታክሲ ሰልፏ ትመለሳለች። ጉዳዩ ስብሰባ ላይ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማሰሪያው ስንት ብር ይፈጃል?» የሚል ነው። ማሰሪያው ግን ከሥራው ሁሉ ርካሹም የመጨረሻውም ነው። ሳይክል የያዘ ሰው ከአስፋልት ወደ በር፣ ከበር ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ ማሰሪያው ይመጣል፤ መንገድ ላይ አንዱ ጋ ከተሰናከለ ብረቱ ባዶውን ይከርማል። ስለዚህ ከውጭ ጀምረን ወደ ውስጥ እንገባለን።

ማን ነው የሚመጣው? በስንት ሰዓት?

ሆስፒታል እንደ መሥሪያ ቤት ጠዋት ሞልቶ ማታ የሚራገፍ ግቢ አይደለም። ሠራተኛው በፈረቃ ነው። በቀን ፈረቃ 12፣ በሌሊት ፈረቃ 8 ሰው ሳይክል ይይዛል እንበል። ለዓይን 12 ቦታ የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን ገቢው ተረክቦ ወጪው ልብሱን ቀይሮ እስኪወጣ ድረስ 20ዎቹም ሳይክሎች ግቢ ውስጥ ናቸው። ቦታ የሚለካው በዚያች ግማሽ ሰዓት ነው። ዲዩቲ (የሌሊት ተረኛነት) የገባ ሪዚደንት፣ ማለትም በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም ደግሞ ሳይክሉን የሚያወጣው በማግሥቱ ስለሆነ በሁለቱም ፈረቃ ይቆጠራል።

ሌላው ተጠቃሚ አስታማሚ ነው። ምሳ ዕቃ ይዞ መጥቶ በግማሽ ሰዓት ይወጣል፤ ወይም ግቢው ውስጥ ያልተገኘ መድኃኒት ፍለጋ ወደ ከነማ መድኃኒት ቤት ተልኮ በጥድፊያ ይመለሳል። ይህ ሰው 100 ሜትር ርቆ፣ በቁልፍ የሚከፈት አጥር ውስጥ ሳይክሉን አያስገባም። ለእሱ የሚሆነው ከዋናው በር 30 ሜትር ባልበለጠ ርቀት ላይ ያለ ክፍት ማሰሪያ ነው። ለ12 ሰዓት ትቶት የሚሠራው ሠራተኛ ግን ራቅ ቢልም የተዘጋና የሚጠበቅ ቦታ ይመርጣል። ሁለቱን አንድ ላይ ማስተናገድ የሚፈልግ አንድም ሳይሆንለት ይቀራል፤ ከመጀመሪያው ለሁለት ከፍሎ ማሰብ ነው።

ቆጠራው ከባድ አይደለም። አንድ የሥራ ቀንና አንድ ቅዳሜ ምረጡ። ከጠዋቱ 1:30፣ 2:30፣ ቀን 6:30፣ 11:30 እና ማታ 2:00 ላይ ግቢውን ዙሩ፤ በዛፍ፣ በአጥር፣ በጄኔሬተር ቤቱ ፍርግርግ የታሰረውን ሁሉ ቁጠሩ። ከዚያ ጥበቃዎቹን «በሳምንት ስንት ሳይክል መለሳችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሳይክል የሚከለከልበት ግቢ ውስጥ ሳይክል ቆጥሮ «ፈላጊ የለም» ብሎ ሪፖርት መጻፍ የተለመደ ስህተት ነው።

ሠራተኛው ከየት እንደሚመጣም ጠይቁ። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ግርጌ ጀምሮ ወደ ቃሊቲና አቃቂ ትዘቀዝቃለች። ከሽሮ ሜዳ ወይም ከአዲሱ ገበያ ወደ መሃል ከተማ የሚመጣ ሰው ጠዋት ቁልቁለቱን ሳያልበው ይወርዳል፤ ዳገቱን የሚጋፈጠው ማታ፣ ሲቆም ውሎ እግሩ ዝሎ ነው። ከሳሪስ የሚመጣው ተቃራኒው ነው፤ ላብ በላብ ሆኖ ሥራ ይገባል፣ ማታ ተንሸራቶ ይሄዳል። የመሃል ከተማው ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ስለሚበልጥ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ አጭር ዳገትም ትንፋሽ ይቆርጣል። የመጀመሪያው ሰው የሚፈልገው ኤሌክትሪክ ሳይክሉን የሚሞላበት ቦታ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ደግሞ መታጠቢያ። ለመታጠቢያው የሚያብረቀርቅ ሻወር አያስፈልግም። ሆስፒታል ውስጥ ልብስ መቀየር የሥራው አካል ነው፤ ያለውን ልብስ መቀየሪያ ክፍል በውስጥ የሚቆለፍ በር፣ የእጅ መታጠቢያ፣ እርጥብ ልብስ የሚሰቀልበት ማንጠልጠያና ውኃ ሲጠፋ የሚያገለግል በርሜል ከጨመሩበት ይበቃል።

ከአስፋልቱ እስከ በሩ

ከተማው በጉዳዩ ላይ ዝም አላለም። «መንገድ ለሰው» የሚባለው ከመኪና ነፃ ቀን በ2011 ዓ.ም. ተጀመረ፤ እስከ 2028 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ወጣ፤ በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ በመሃል ከተማ ዋና ዋና መንገዶች ላይ ከመኪናው የተለየ የብስክሌት መስመር ተነጠፈ። ችግሩ ያለው መስመሩ አልቆ የሆስፒታሉ በር ሳይጀምር መሃል ላይ ባሉት ጥቂት ሜትሮች ነው።

እዚያ ላይ የሚታዩት ነገሮች ትንንሽ ናቸው፤ ሰው የሚጥሉት ግን እነሱ ናቸው። አንደኛው የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ነው። ለመኪና መግቢያ ዝቅ ተደረገ በሚባልበት ቦታ እንኳ 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይቀራል። መኪና አይሰማውም። ሳይክል ቀጥ ብሎ ከመጣም ዘሎት ያልፋል። ወደ በሩ ለመታጠፍ በሰያፍ የመጣ ሳይክል ግን የፊት ጎማው ጠርዙን ተከትሎ ይንሸራተትና ነጂውን ያወርደዋል። ጠርዙ ከመንገዱ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ቢበዛ 1 ሳንቲ ሜትር።

ሁለተኛው የጎርፍ ማስገቢያ ፍርግርግ ነው። ብረቶቹ ወደ መሄጃው አቅጣጫ ከተዘረጉ ቀጭን ጎማ መሃላቸው ይገባል። መፍትሔው ፍርግርጉን አንሥቶ በ90 ዲግሪ አዙሮ ማስቀመጥ ነው፤ ካሬ ካልሆነና የማይዞር ከሆነ በላዩ ላይ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ጠፍጣፋ ብረት በአግድም መበየድ ነው። ክዳኑ ተሰርቆ ድንጋይ የተቀመጠበት ጉድጓድ ካለ ደግሞ ከሁሉ በፊት እሱ ይዘጋ።

ሦስተኛው በሩ ፊት የሚቆሙት መኪኖች ናቸው። በስልክ የሚጠሩ ታክሲዎች በሽተኛ ለማውረድ መቆማቸው ግድ ነው፤ መቆሚያ ካልተሰጣቸው የብስክሌት መስመሩ ላይ ይቆማሉ። መከልከል አያዋጣም። በሩን አለፍ ብሎ ለሁለት መኪና የሚሆን ማውረጃ ቢሰጣቸውና ከበሩ ግራና ቀኝ 5 ሜትር ከቆመ መኪና ነፃ ቢሆን፣ ከግቢ የሚወጣ ሾፌር የሚመጣውን ሳይክል ያያል።

መንገዱ ቁልቁለት ሲሆን ሌላ ነገር ይጨመራል። ከቴዎድሮስ አደባባይ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር የሚወርድ ሳይክል ሳይጋልብ ፍጥነት ያገኛል። ቸርኬውን የሚይዝ ፍሬን በክረምት ውኃ ሲነካው ለመያዝ ይዘገያል፤ ጎማው አንድ ሁለቴ እስኪዞር ውኃውን ብቻ ነው የሚጠርገው። ስለዚህ እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ያለ በር አፉ ሰፋ ያለ፣ ጠጠርና አሸዋ የማይጠራቀምበት፣ ነጂውም ከሩቅ የሚያየው መሆን አለበት። ድንገት መታጠፍ እርጥብ ጌጠኛ ድንጋይ ላይ ጥሩ ነገር አይደለም።

ከአጥር ውጭ ያለው የከተማው ነው፤ ሆስፒታሉ በራሱ ቆፋሪ ሊያስተካክለው አይችልም። ለመንገዶች ባለሥልጣን የሚሄደው ደብዳቤ «የሳይክል መንገዱ ይስተካከልልን» ከሚል ይልቅ የጠርዙን ከፍታ በሳንቲ ሜትር፣ የፍርግርጉን ቦታና ሜትር ተዘርግቶበት የተነሣ ፎቶ ቢይዝ የሚመለከተው መሐንዲስ ሳይመላለስ ይረዳዋል።

በሩ ላይ

ሳይክል በአምቡላንስ በር መግባት የለበትም፤ ይህ አያከራክርም። ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር ስፋት ያለው የእግረኛ በር ይበቃል። የሚሽከረከር የብረት በር ካለ ሳይክል አያሳልፍም፤ ዊልቸርም እንዲሁ፤ ጎኑ ላይ የሚከፈት መዝጊያ መኖር አለበት። ፍተሻው ጋ ሳይክሉን ደግፎ ቦርሳ የሚከፍትበት አንድ ሜትር ያህል አግዳሚ ብረት ይተከል። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን አንድ እጁ ሳይክል የያዘ ሰው ቦርሳውን በሌላው እጁ ለመክፈት ሲታገል ነው ከኋላው ያለው ሰልፍ የሚረዝመው፣ ጥበቃውም «ይህን ነገር ከዚህ አንሱልኝ» የሚለው።

ጥበቃው የሚታዘዘው በጽሑፍ ነው። «ሳይክል በእግረኛ በር ይገባል፣ ተገፍቶ እስከ ማሰሪያው ይሄዳል፣ ሌላ ቦታ አይታሰርም» የሚል በፊርማና በማኅተም የወጣ ግማሽ ገጽ ለሁሉም ፈረቃ ይሰጥ። ለቀኑ ኃላፊ በቃል ተነግሮ የሌሊቱ ሰው ሳይሰማ ከቀረ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ የመጣች ነርስ በር ላይ ትከራከራለች። ከበሩ እስከ ማሰሪያው 50 ሜትር የማይሞላ ከሆነ ወርዶ መግፋት ይሻላል፤ በክራንች የሚሄድ ሰው ከኋላው ድምፅ የሌለው ነገር ሲመጣበት ይደነግጣል።

ቦታው

አንድ መኪና የሚቆምበት ቦታ 2.5 በ5 ሜትር ነው። እዚያ ላይ በ1 ሜትር ልዩነት 5 ብረት ይተከላል፤ በያንዳንዱ ግራና ቀኝ አንዳንድ ሳይክል ስለሚታሰር 10 ሳይክል ይይዛል። ሁለት የመኪና ቦታ 20 ሳይክል ማለት ነው። ለብዙ ሆስፒታል ጥሩ መነሻ ይህ ነው። በፈረቃ መቀያየሪያ ሰዓት ከ20ው 16ው በተደጋጋሚ መያዝ ሲጀምር መጨመር ነው፤ እስኪሞላ መጠበቅ ሳይክሎቹን ወደ ዊልቸሩ መደገፊያ ይመልሳቸዋል።

ቦታ የሚመረጠው ጥበቃው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ቃል በቃል እዚያ ወንበር ላይ ተቀመጡና እዩ። ማሰሪያው ካልታየ ቦታው አልተመረጠም። ከሕንፃ ጀርባ፣ ከቆሻሻ ማቃጠያው አጠገብ «ትርፍ ቦታ አለ» የሚባለው ሁሉ የሌባ ቦታ ነው። ከአደጋ ጊዜ መውጫ ፊት፣ ከእሳት አደጋ መኪና መዞሪያና ከቃሬዛ መተላለፊያም መራቅ አለበት።

ብረቱ

ሁለት ዓይነት አለ ብንል ብዙም አልተሳሳትንም። አንዱ የሳህን መደርደሪያ የሚመስለው፣ ጎማ ብቻ የሚሰካበት ነው። በያጆች የሚወዱት ከፌሮ በአንድ ከሰዓት በኋላ ስለሚወጣ ነው። ሳይክሉ ተገፍቶ ሲዘነበል ክብደቱ ሁሉ የፊት ቸርኬው ላይ ያርፍና ያጣምመዋል፤ የዲስክ ፍሬን ካለው ዲስኩ ይጎብጣል። የሚታሰረውም ጎማው ብቻ ነው፤ ሌባ የጎማውን ማሰሪያ ፈትቶ ጎማውን ትቶላችሁ ሌላውን ይዞ ይሄዳል። ይህን አታሠሩ።

ሁለተኛው የተገለበጠ ዩ የሚመስል ቅስት ነው። ሳይክሉ ሁለት ቦታ ላይ ይደገፋል፣ ፍሬሙና የፊት ጎማው አንድ ላይ ይታሰራል። ከመሬት በላይ 75 ሳንቲ ሜትር ቁመት፣ 75 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይኑረው። ቱቦው አንድ ተኩል ኢንች የሚባለው፣ የውጭ ውፍረቱ 48 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ፣ የግድግዳው ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ጋልቫናይዝድ ቱቦ ነው። 1.5 ሚሊ የሆነው ስስ ቱቦ በብረት መጋዝ ቶሎ ይቆረጣል፣ መኪና ሲነካውም ይታጠፋል። ከ60 ሚሊ የወፈረው ደግሞ ጠንካራውን የዩ ቅርጽ ቁልፍ አያስገባም።

ስሌቱ እነሆ። ሁለቱ እግሮች እያንዳንዳቸው 75 ከላይ፣ 30 ከመሬት በታች፣ 105 ሳንቲ ሜትር ናቸው፤ ላይኛው አግዳሚ 75። ድምሩ 285። ቱቦ የሚሸጠው በ6 ሜትር ስለሆነ ከአንዱ ሁለት ማሰሪያ ይወጣል፣ 30 ሳንቲ ቁራጭ ይተርፋል። ለ10 ማሰሪያ 5 ቱቦ። ስድስተኛ ግዙ፤ ከእሱ በመስመሩ ሁለት ጫፎች ላይ ላሉት ማሰሪያዎች 65 ሳንቲ የሆነ የታች አግዳሚ ይቆረጣል። አግዳሚው ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ይበየዳል፤ ዓይነ ስውር ሰው በትሩ ከስር አልፎ ደረቱ ብረት እንዳይመታ ነው። ከቀረው ቱቦ አንድ መለዋወጫ ማሰሪያ ይወጣል፤ አንድ ቀን የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ አንዱን ማጉበጡ አይቀርም።

በያንዳንዱ እግር ግርጌ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ 12 ሚሊ ፌሮ በአግድም ይበየዳል። ኮንክሪቱ ውስጥ ተጋድሞ ስለሚይዘው ማሰሪያው አይዞርም፣ አይነቀልም። ለ20 እግር 5 ሜትር ፌሮ ነው። ጋልቫናይዝድ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ያሳምማል፤ ብየዳው በረንዳ ላይ፣ ነፋስ ባለበት ይሁን፣ የሚበየድበት ቦታ ሽፋኑ አስቀድሞ ይፋቅ። ከብየዳ በኋላ የተቃጠለው ሁሉ በዚንክ ቀለም ይሸፈናል። ይህ ከተረሳ በሁለተኛው ክረምት ዝገቱ ከመገጣጠሚያው ይጀምራል።

ጉድጓዱ 30 በ30፣ ጥልቀቱ 35 ሳንቲ ሜትር። ከመቆፈር በፊት የጥገና ክፍሉን ሰው ጥሩ፤ የቆየ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የኤሌክትሪክ ኬብል፣ የውኃ መስመር፣ አንዳንዴም የኦክስጅን ቱቦ የት እንደተቀበረ የሚያውቀው ከፕላኑ ይልቅ እሱ ነው። 20 ጉድጓድ 0.63 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይፈልጋል። በአንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር ሲቦካ አምስት ከረጢት፣ ማለትም ሁለት ኩንታል ተኩል ሲሚንቶ፣ ከብክነቱ ጋር ያወጣል። የኮንክሪቱ ላይኛ ገጽ በእግሩ ዙሪያ እንደ ጉብታ ከፍ ብሎ ወደ ውጭ ይዘቅዝቅ። ቱቦ የሚበሰብሰው መሬቱን በሚነካበት መስመር ላይ ነው፤ ውኃ እዚያ ካልተኛ ዕድሜው ይረዝማል። በቱንቢ ተስተካክሎ በእንጨት ይደገፍ፣ ለ7 ቀን ውኃ ይጠጣ፣ በነዚያ ቀናት ሳይክል እንዳይታሰርበት በገመድ ይከለል።

ግቢው ኮብልስቶን ከሆነ እግሩ ላይ ጠፍጣፋ ብረት በይዶ በብሎን ማሰር አይሠራም። ድንጋዮቹ አሸዋ ላይ የተቀመጡ ስለሆኑ ብሎኑ የሚይዘው አንድ ድንጋይ ብቻ ነው፤ አንድ ጠንካራ ርግጫ ከነድንጋዩ ያወጣዋል። ድንጋዮቹን አንሥቶ፣ ቆፍሮ፣ ኮንክሪት ሞልቶ፣ መልሶ መንጠፍ ነው። በብሎን ማሰር የሚሆነው 15 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ውፍረት ባለው ሙሉ ኮንክሪት ላይ ሲሆን፣ ከጠበቀ በኋላ የብሎኑን ራስ በብየዳ ነካ ማድረግ መፍቻ እንዳይፈታው ያደርጋል።

አተካከሉ ላይ ሦስት ስህተቶች ይደጋገማሉ። ብረቶቹ በ60 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ይተከላሉ፣ «ብዙ ይያዝ» ተብሎ። መሪ ከመሪ ይጠላለፍና ሰው አንዱን እየዘለለ ያስራል፤ 10 ብረት 10 ሳይክል ብቻ ይይዛል። ወይም ከግድግዳው 20 ሳንቲ ላይ ይተከላሉ፤ የሳይክሉ ፊት ግድግዳውን ስለሚመታ ወደ ውስጥ አይገባም። ከግድግዳ እስከ ብረቱ ጫፍ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋል። ሦስተኛው ብረቶቹ በረድፉ ርዝመት አቅጣጫ፣ አንዱ የሌላውን ጭራ ተከትሎ መተከላቸው ነው። 5 ሜትር ላይ ሁለት ብቻ ይቆማሉ።

ጣሪያ፣ መብራት፣ ግድግዳ

ለአስታማሚው ክፍት ማሰሪያ ጣሪያ ባይኖረውም ያልፋል። ለሠራተኛው ግን ሐምሌና ነሐሴ ላይ ለ12 ሰዓት ዝናብ የመታው የሳይክል መቀመጫና ካቴና በሳይክል መምጣቱን እንዲተው ያደርገዋል። ለ5 ብረት ረድፍ 6 በ3 ሜትር የኢጋ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ዝቅ ያለው ጫፍ 2.2 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በየሜትሩ 10 ሳንቲ ተዳፋት። የጣሪያው ውኃ የሚወርደው ወደ መተላለፊያው ሳይሆን ወደ ጎርፍ ቦዩ ይሁን። ጎኑን ከዝናብ ለመከለል በግንብ መዝጋት የሚያጓጓ ሐሳብ ነው፤ ግን የማይታይ ጥግ መሃል ከተማ ውስጥ በሁለት ሳምንት ሽንት ቤት ይሆናል። ሽቦ ፍርግርግ ይሻላል።

መብራቱ ሰው የቁልፉን ቀዳዳ የሚያይበት ያህል ይሁን፤ ከዚያ በላይ ማድመቅ ለተኙ በሽተኞች መስኮት ረብሻ ነው። የሚገናኘው ከጄኔሬተሩ መስመር ጋር ነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚጨልም ማሰሪያ የሚያገለግለው ሌላውን ወገን ነው።

ኦክስጅን፣ ዘይት፣ ባትሪ

ይህ ሌላ መሥሪያ ቤት ላይ የማይነሣ፣ ሆስፒታል ላይ ግን የማይታለፍ ጉዳይ ነው። ማሰሪያውም ሆነ ጣሪያው ከኦክስጅን ሲሊንደር ማከማቻ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ። ጎማ፣ ፕላስቲክና ዘይት ያለበት ነገር ሁሉ ኦክስጅን በበዛበት አየር ውስጥ በሌላ ጊዜ ከሚነደው በላይ ይነዳል። ካቴና ሲወልቅ መልሶ የገጠመ ሠራተኛ እጁ ዘይት ይነካዋል፤ በዚያ እጅ የሲሊንደር ቫልቭ ወይም ሬጉሌተር መንካት አደገኛ ነው፤ ከፍተኛ ግፊት ያለው ኦክስጅን ዘይትና ግራሶ ሲነካ ያለ ክብሪት ሊያቀጣጥል ይችላል። ስለዚህ ከማሰሪያው አጠገብ ሳሙናና የውኃ ቧንቧ ማድረግ ከንጽሕና የዘለለ ምክንያት አለው።

ኤሌክትሪክ ሳይክል እየበዛ ነው። ባትሪውን ፈትቶ ወደ ዋርድ ወስዶ፣ ከበሽተኛው ሞኒተር ጎን ሶኬት ላይ የሚሰካ ሠራተኛ ይኖራል፤ ቦታ ካልተሰጠው ምን ያድርግ? የሊቲየም ባትሪ አንዴ ከተቀጣጠለ የዱቄት ማጥፊያ ነበልባሉን ቢያጠፋም ውስጡ ስለማይቀዘቅዝ እንደገና ይነሣል፤ ብዙ ውኃ ይፈልጋል። መሙያው በጣሪያው ሥር፣ ክፍት አየር ላይ፣ የራሱ ማቋረጫ ባለው መስመር፣ ከወለሉ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ ይሁን። ደረጃ ሥርና ኮሪደር ላይ መሙላት በጽሑፍ ይከልከል። ወድቆ የተሰነጠቀ ወይም ያበጠ ባትሪ እዚያም አይሰካም።

ጥበቃና ቁጥር

ብዙ ቦታ «ለጠፋ ንብረት ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ሰሌዳ ይሰቀላል። መጀመሪያ አንብቦ የሚደሰትበት ሌባው ነው። ከሰሌዳው የሚሻለው ጥንድ ቁጥር ነው፤ አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸው ሁለት የፕላስቲክ ካርዶች፣ አንዱ መሪው ላይ ይንጠለጠላል፣ አንዱን ባለቤቱ ይይዛል፣ ሲወጣ ጥበቃው ያስተያያል። ለ20 ቦታ 25 ጥንድ ይዘጋጅ፤ መጥፋቱ አይቀርም። ካርዱ የጠፋበት ሰው መታወቂያ አሳይቶ፣ ፈርሞ ይወጣል። ቁጥሮቹ ከፈረቃ ወደ ፈረቃ ሲተላለፉ እንደ ማንኛውም ንብረት በመዝገብ ርክክብ ይደረግባቸው።

የሠራተኛው ቦታ ላይ መንፊያ በሰንሰለት ታስሮ ቢቀመጥ፣ ከጎኑም በአቅራቢያው ያለ ጎሚስታ ስልክ ቢለጠፍ ጥሩ ነው። በወር አንድ ጊዜ የጥገና ሠራተኛ እያንዳንዱን ብረት በእጁ ይነቅንቅ፤ የሚወዛወዝ ካለ ኮንክሪቱ ተሰንጥቋል ማለት ነው፣ በዚያው ሳምንት ይታደስ።

የተተወ ሳይክል ሌላ ቦታ በ30 ቀን ይነሣል። ሆስፒታል ውስጥ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ አቧራ የለበሰው ሳይክል ባለቤት ሦስተኛ ፎቅ አልጋ ይዞ ተኝቶ ይሆናል። ስለዚህ በ30ኛው ቀን መሪው ላይ ወረቀት ይታሰራል፣ የካርዱ ቁጥር ተይዞ ከተኝቶ ታካሚዎች መዝገብ ጋር ይመሳከራል፣ ሌላ 30 ቀን ይጠበቃል፣ ከዚያ ፎቶው ተነሥቶ በንብረት ክፍል ሞዴል (የገቢ ቅጽ) ተመዝግቦ ወደ ስቶር ይገባል። ቁልፉ የሚቆረጠው ሦስት ሰው ባለበት ነው።

ድንገተኛ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ደግሞ ለብቻው አንድ ብረት ይተከል፤ ለሁለት ሳይክል ነው። መኪና የገጨው ሰው በአምቡላንስ ሲመጣ ሳይክሉም አብሮ የሚጫንበት ጊዜ አለ፤ የትራፊክ ፖሊስ እስኪያየው ድረስ ሳይነካ፣ ሳይስተካከል መቆየት አለበት። ያ ቦታ ለሌላ አይሰጥም።